ሦስት መቶ ሠላሳ ደቂቃ

ስቬቶዛር ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሠራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማገጃ ማውረድና ማገጃ ማንሣት። በሞራቫ ወንዝ ዳር፣ የመኪናው መንገድ የባቡሩን ሐዲድ በሚያቋርጥበት ቦታ አንዲት የጡብ ቤት አለች። በዚያች ቤት ውስጥ ስልክ፣ ምድጃ፣ መዘውርና መዝገብ ነበሩ። ከጣቢያው «ባቡሩ ተነሥቷል» ተብሎ ሲደወልለት ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል፣ መዘውሩን ያዞራል፣ ማገጃው ይወርዳል። ባቡሩ ሲያልፍ ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል፣ መዘውሩን ወደ ኋላ ያዞራል፣ ማገጃው ይነሣል። ይህን የሰማ ሰው «ይኼም ሥራ ሆኖ!» ይላል። ነገሩን ልብ ብሎ ላጤነው ግን የሰው ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው? መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፍት ማወቅ ነው። ትዳርም የሚፈርሰው፣ መንግሥትም የሚወድቀው ይህን ባለማወቅ ነው።

የመንደሩ ሰው ቶዛ ይለዋል። ቶዛ ከሐዲዱ ጡረታ ቢወጣም ሐዲዱ ከቶዛ ጡረታ አልወጣም። ቤቱ ከመሻገሪያው ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ሾርባ እየበላ ባቡር ካለፈ ማንኪያውን አስቀምጦ የኪስ ሰዓቱን ያወጣል።

«ሁለት ደቂቃ ዘገየ» ይላል።

«ሾርባህም ቀዘቀዘ፤ እስቲ እሱንም መዝግበው» ትለዋለች ሚስቱ ዴሳንካ።

በዚያ ሁሉ ዘመን በመዝገቡ ላይ አንዲት የሐሰት ደቂቃ አልጻፈም። ኩራቱ ይኸው ነበር። ቁስሉም የገባው በዚሁ በኩል ነው።

ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በአንድ የጥር ጠዋት፣ ማገጃው ወርዶ ባቡሩ ሲጠበቅ አንድ አምቡላንስ እያጓራ መጥቶ ቆመ። ውስጡ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቪዶሳቭ ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ ተጋድሟል። ሾፌሩ ወርዶ መስኮቱን ደበደበ።

«ቶዛ፣ ስለ እግዚአብሔር አንሣልኝ! ሰውዬው እየሞተብኝ ነው!»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንዴ የወረደን ማገጃ የሚያስነሣው ባቡሩ ብቻ ነው። ቶዛ አላነሣም። ባቡሩ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ሲባል ዘጠኝ ደቂቃ አስጠበቃቸው። ቪዶሳቭ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። መርማሪዎች መጥተው መዝገቡን አገላበጡ፤ «እንደ ደንቡ ሠርቷል» ብለው ፈርመው ሄዱ። በእርግጥም ያን ጊዜ ማገጃውን ቢያነሣ ኖሮ፣ ባቡሩም በሰዓቱ ቢመጣ ኖሮ፣ አምቡላንሱን ከነሰዎቹ ይጨፈልቀው ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የቪዶሳቭ ሚስትም ሳትቀር ታውቃለች።

ቶዛ ግን በሳምንቱ ከተማ ወርዶ አስከሬኑን የተቀበለውን ሐኪም ፈልጎ አገኘው። «ዘጠኝ ደቂቃ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ይድን ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

ሐኪሙ ካፖርቱን እየለበሰ ነበር። «ማን ያውቃል» አለው።

«ይድን ነበር» ቢለው ቶዛ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። «አይድንም ነበር» ቢለው ደግሞ ቤቱ ገብቶ ይተኛ ነበር። «ማን ያውቃል» ግን አያስለቅስ፣ አያስተኛ። ሃያ ሰባት ዓመት ይዞት ኖረ።

*

የቶዛ ቤት የሚዘክረው ቅዱስ ሉቃስን ነው። አባቱም፣ አያቱም፣ የአያቱም አባት ያንኑ ሉቃስን ሲዘክሩ ኖረዋል፤ ርስት ቢሸጥም፣ ወንዙ ቤት ቢወስድም፣ ዝክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዝክር ቀን አባወራ አይቀመጥም። ሻማው ጠዋት ይበራል፤ እንግዳው ሳይጠራ ይመጣል፤ አባወራው ቆሞ ይቀበላል፣ ቆሞ ይቀዳል፣ ቆሞ ይሸኛል። የሚቀመጠው ሻማው ነዶ ነዶ ሲያልቅበት፣ የመጨረሻዋን ነበልባል በወይን ጠጅ ጠብታ ካጠፋ በኋላ ነው። የቶዛ አባት አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣ ሰው ነበር፤ በየዓመቱ በክራንች ተደግፎ ቆሟል። «ሻማው ቆሞ አባወራው ከተቀመጠ ቤቱ ይቀመጣል» ይል ነበር። ቶዛ ይህን ያምን ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሰው አምኖበት ከሚሞትለት ነገር ይልቅ፣ ልተወው ቢል አፍሮ የሚሞትለት ይበዛል።

ቪዶሳቭ በሞተ በሃያ ሰባተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ሻማ ሊገዛ ሲሄድ ዴሳንካ፣ «መካከለኛውን አምጣ፤ እኛ ካቴድራል አይደለን» ብላው ነበር። እሱ ግን ከሱቁ ሁሉ ወፍራሙን መርጦ መጣ። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚታሰርበትን ገመድ ሲገዛም ወፍራሙን ይመርጣል።

ዕለቱ ዓርብ ሆነ። ካህኑ በማለዳ መጣ፤ የዝክሩን ዳቦ ከቶዛ ጋር ይዞ አዞረው፣ ወይን አፈሰሰበት፣ ቆረሰው፣ ባርኮም ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ዴሳንካ ለጾሙ የሚሆን ዓሣ ጠብሳለች፣ በሸክላ ድስት ቦሎቄ ጋግራለች። ከለውዝና ከስኳር ጋር የተቀቀለው ስንዴ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ የገባ ሁሉ አማትቦ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ረፋድ፣ የዕቃው ባቡር ወደ ደቡብ አለፈ። ቶዛ እንደ ልማዱ ሰዓቱን አወጣ። የያዘው ያን ጊዜ ነው። አንድ ከባድ ሰው በጉልበቱ ደረቱ ላይ የወጣበት ያህል ሆነ። ከዚያ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወረደ፣ ወደ መንጋጋውም ወጣ። ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው።

የመጀመሪያው እንግዳ አበልጁ ራድሚሎ ነበር፤ አሁን ባል አግብታ ውጭ አገር የምትኖረውን የቶዛን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ነው። ስንዴውን ከነማንኪያው አፉ ውስጥ እንደያዘ ቶዛን ትክ ብሎ አየው።

«አበልጄ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ የተቀቀለ ዓሣ መሰለ!»

«ምንም።»

«ምንም ይላል! ነፋስ ነው የመታህ። ይኸው መስኮቱ ተከፍቷል፣ በሩም ተከፍቷል። ዴሳንካ! ባልሽን በሁለት ነፋስ መካከል አቁመሽ ልትገድይው ነው?»

«እሱ መቼ ተናግሮ ያውቃል!» አለች ዴሳንካ ከጓዳ። «ቶዛ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ በል።»

«ሻማው እየነደደ?»

«እንግዲያው ጠጣ» አለ ራድሚሎ፣ መስኮቱን እየዘጋ። «የፕለም አረቄ ያላወጣው ነፋስ ካህንም አያወጣው።»

እኛ ዘንድ ራስ ምታትም፣ የጥርስ ሕመምም፣ የምራት ኩርፊያም በሁለት በር መካከል በሚያልፍ ነፋስ ይሳበባል። ይህ ሞኝነት ብቻ አይደለም፤ ለማይታወቅ ነገር የሚታወቅ ስም ሰጥቶ ማደር ነው። ቶዛም አረቄውን ጠጣ፤ ነፋስ ነው ብሎም ለራሱ ነገረው።

ሰባት ሰዓት ላይ ግን ነፋስ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። ይህ ሊሸሸግ አይገባም። ቪዶሳቭ ደረቱን እንዴት አድርጎ እንደያዘ አይቷል፤ የእሱም እጅ ሳያዘው ወደዚያው ቦታ እየሄደ ቢያስቸግረው ሣህን አስያዘው። እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል። «እንኳን ለዝክሩ አደረሰህ፣ አባወራ!» «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ግቡ፣ ግቡ!» ስምንት ሰዓት ላይ ዴሳንካ «ቶዛ፣ ዓሣውን አምጣው እንጂ!» ብላ ተጣራች፤ ሁለቱን ትልልቅ ሣህን ተሸክሞ አመጣ፣ ፈገግም አለ። በየመሀሉ ሻማውን ያያል። ሻማው አያልቅም። ጉልበቱ ሲከዳው ግድግዳውን ይደገፋል፤ ግድግዳ መደገፍ መቀመጥ አይደለም።

አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ፣ አመሻሽ፣ የመጨረሻዋን ነበልባል በወይን ጠጅ አጠፋት። ከዚያም የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ዴሳንካ» አለ፣ «አሁን አምቡላንስ ጥሪ።»

*

መሻገሪያው ላይ አሁን ሰው የለም፤ ማገጃው በኤሌክትሪክ በራሱ ይወርዳል፣ በራሱ ይነሣል። ቶዛ በጀርባው ተጋድሞ አምቡላንሱ ይቆም እንደሆነ አዳመጠ። አልቆመም። ጎማዎቹ ሐዲዱን ሲረግጡ ሁለቴ ተንገጫገጩ፣ አለፉ። ለቪዶሳቭ ያልተከፈተ ለእሱ ተከፈተለት።

በከተማው ሆስፒታል የልብ ሐኪሟ ዶክተር ኢስክራ ተቀበለችው። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። የልቡን ምት የመዘገበውን ረጅም ወረቀት ዘርግታ አየችና ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ደምዎ ወደ ልብዎ የሚሄድበት አንዱ መንገድ ተዘግቷል፤ አሁኑኑ ገብተን እንከፍተዋለን። ሕመሙ መቼ ነው የጀመረዎት? ሰዓቱን በትክክል ይንገሩኝ፤ ጡንቻው የሚሞተው በየደቂቃው ነው።»

ሰዓት በትክክል! ይህን ጥያቄ ከዚህ ሰው የተሻለ የሚመልስ በአገሩ አልነበረም። ቶዛ «አምስት ከአርባ» ሊል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ዴሳንካን አያት፤ የዝክር ልብሷን እንደለበሰች፣ ካፖርቱን አቅፋ፣ ዓይኗን አፉ ላይ ተክላለች። አምስት ከአርባ ካለ፣ ዓሣውን አምጣ እያለች ስትጣራ እሱ እየሞተ እንደነበር ታውቃለች። ያ ሁሉ ዘመን በደቂቃ የኖረ ሰው፣ ደቂቃ ነፍስ በሆነበት ቀን ሻማ ሲጠብቅ መዋሉንም ሁሉም ያውቃል።

«አስራ አንድ ሰዓት ገደማ» አለ።

«አዎ» አለች ዴሳንካ ፈጥና፣ «ሻማውን እስኪያጠፋ ድረስ ምንም አልነበረውም። እኔው ራሴ ነኝ የደወልኩት።»

«ጎበዝ፣ ቶሎ ነው የመጣችሁት» አለች ኢስክራ። ጻፈችውም።

ክፍሉ እንደ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት፤ ነርሷ ሩዢትሳ የቀኝ እጁን አንጓ አጥባ አደነዘዘችው። ኢስክራ በአንጓው በኩል እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ አስገባች። ሰውየው ነቅቶ ሁሉን ያያል። ከራሱ በላይ ትልቁ ካሜራ እየተሽከረከረ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ማቅለሚያውን ሲለቁበት ደረቱ ውስጥ ሙቀት ፈሰሰ፣ ከጎኑ በተሰቀለው የምስል መስኮት ላይም የልቡ ደም ሥሮች ታዩ፤ በበረዶ ወራት ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ይመስላሉ። ከቅርንጫፎቹ አንዱ፣ ትልቁ፣ ከግንዱ ሳይርቅ ተቆርጧል።

«ያ የተቆረጠው ይታይዎታል?» አለች ኢስክራ። «መንገዱ እዚያ ላይ ነው የተዘጋው።»

«ማገጃ ወርዷል» አለ ቶዛ።

ሳቀች። «እናነሣዋለን። አሁን በሽቦው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ፊኛ እነፋለሁ፤ ስትነፋ ያመዎታል፤ አይንቀሳቀሱ።»

አመመው። ሩዢትሳ ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሌላ ሰው አፍ የእሱን ሰከንድ ሲቆጥር መስማት እንግዳ ነገር ሆነበት። ፊኛዋ ተነፈሰች፤ በቦታው ከሽቦ የተሠራች እንደ ወንፊት ቀዳዳ የበዛባት ትንሽ ቱቦ ተተከለች፣ መንገዱን ደግፋ ለዘለዓለም እንድትቆይ። ከዚያ የተቆረጠው ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ ድረስ ጠቆረ፣ ተዘረጋ። ደረቱ ላይ የነበረው ጉልበት ተነሣለት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«አስራ ሁለት ተኩል» አለች ሩዢትሳ። «ምነው፣ ቀጠሮ አለዎት?»

*

በማግስቱ ኢስክራ የልቡን አልትራሳውንድ ስታነሣ ደስ ብሏት ነበር የጀመረችው። ቀስ በቀስ ዝም አለች። መሣሪያውን ደረቱ ላይ ከወዲህ ወዲያ አደረገች፣ መልሳ አየች።

«ምነው?» አላት።

«የልብዎ የፊት ግድግዳ አይንቀሳቀስም» አለች። «ቶሎ ለመጣ ልብ እንዲህ... ምናልባት ደንግጦ ይሆናል። አንዳንዴ ይነቃል። እንጠብቅ።»

ከሰዓት በኋላ በሩ ተገርበብ ብሎ ሳለ ከመተላለፊያው ድምፅ ሰማ። አንደኛው ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር።

«ዘጠና ደቂቃ ብቻ የተዘጋ ደም ሥር ይህን ያህል አይገድልም። ምን አድርገሽ ነው? የረጋውን ደም ፍርፋሪ ወደ ታች ገፍተሽው ይሆን?»

«ካሜራው የቀረጸውን ፊልም ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ምንም አላገኘሁም።»

«ታዲያ ጡንቻው የት ሄደ?»

«አላውቅም» አለች ኢስክራ።

ቶዛ ያንን ቃል አወቀው። የ«ማን ያውቃል» ታናሽ እህት ነች። ተነሥቶ መጥራት ይችል ነበር፤ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። አልጠራም። «ነገ» አለ። ነገም «ቤት ስገባ» አለ። ውሸት እንደ ማገጃ አይደለም፤ ለማውረድ መዘውር አይፈልግም። ለማንሣት ግን ክንድ ይጠይቃል፣ የእሱ ክንድ ደግሞ ደክሟል።

ቤቱ ገባ። የልቡ ግድግዳ አልነቃም። ቱቦዋ እንዳትደፈን የሚጠብቁ ሁለት ክኒኖች ጠዋት ጠዋት ይውጣል፤ ዴሳንካ ጨውን ቆልፋበታለች። ሦስቱን የበረንዳ ደረጃዎች ሲወጣ በየደረጃው ያርፋል። ሌሊት ሦስት ትራስ ደርቦ፣ ግማሹን ተቀምጦ ነው የሚተኛው። የቆመው ሰው ተቀመጠ፤ ሻማውም ከጠፋ ቆየ። ከሁሉ ያመመው ግን ይህ አልነበረም። ጎረቤት ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ዴሳንካ ወንበሯን ሳብ ታደርግና ትጀምራለች።

«በአንድ ሰዓት ተኩል ነው ያደረስኩት! ሐኪሟ ራሷ ጎበዝ ብላኛለች። እኔ ባልፈጥን ኖሮ ዛሬ ስንዴውን ለመቃብሩ ነበር የምቀቅለው!»

«እሰይ፣ ባለቤት ማለት እንዲህ ነው!» ይላል ራድሚሎ። «የእኔዋ ብትሆን መጀመሪያ ዕቃውን ታጥብ ነበር።»

ሁሉ ይስቃል። ቶዛም ይስቃል።

አንድ ቀን በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በሉቃስ ቀን ጠርዝ፣ በእርሳስ «5፡40» ብሎ ጻፈ። ዴሳንካ አይታ «ይኼ ምንድን ነው?» አለችው። «ባቡር ነው» አላት። እውነቱን ነው፤ ባቡርም ነበር። ሰው ሳይዋሽ መዋሸትን ሲለማመድ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

*

በየካቲት የምርመራ ቀጠሮ ነበራቸው። ሩዢትሳ የደም ግፊቱን እየለካች ከጆሮው ጠጋ አለች።

«ጋሽ ቶዛ፣ ዛሬ ለዶክተሯ ቀልድ እንዳይነግሯት። ከእርስዎ በኋላ ፈገግታዋ ጠፍቷል። እዚያ ክፍል ብቻዋን አትገባም፤ ፕሮፌሰሩ ትከሻዋ ላይ ቆሞ ነው የምትሠራው። በሚመጣው ወር የእርስዎን ፊልም ለሐኪሞች ጉባኤ ሊያሳዩት ነው።»

«የእኔን?»

«ምን ይደረግ፤ ታዋቂ ሆነዋል!»

ከዴሳንካ ጋር ገባ። ኢስክራ ከስታለች። ልቡን አየች፣ ያው ነው። መሣሪያውን አስቀምጣ እጇን ስትጠርግ ቆየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሳምንታት ሕመም አልነበረዎትም? ትንሽም ቢሆን? አየዋለሁ... ፊልሙን ቤቴ ወስጄ አየዋለሁ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ባውቅ ይሻለኝ ነበር።»

ቶዛ ያን ዓረፍተ ነገር በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሌሊት ለራሱ እንዳለው እሱና አምላኩ ያውቃሉ። ሸሚዙን ሳይቆልፍ ተነሥቶ ቆመ፤ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ሰዓቱን አወጣ፣ ለምን እንዳወጣው ባያውቅም።

«ይጻፉ» አለ።

«ምን?»

«አምስት ሰዓት ከአርባ፣ ረፋድ። የዕቃ ባቡር፣ ወደ ደቡብ።»

«አልገባኝም።»

«ሕመሙ የጀመረኝ ያን ጊዜ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ያልኩት ውሸት ነው።»

የኢስክራ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እየቆጠረች ነበር። ቶዛ አስቀደማት።

«አምቡላንስ እስኪጠራ ሦስት መቶ ሠላሳ ደቂቃ ነው።»

«ለምን?» አለች። «ለምን ወዲያው አልመጡም?»

«ሻማው እየነደደ ነበር።»

የሌላ አገር ሐኪም ብትሆን የምን ሻማ ትል ነበር። ኢስክራ አላለችም። የእሷም አባት በየዓመቱ በሚካኤል ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል።

«አራት ወር!» አለች። «አራት ወር ሙሉ! ከእርስዎ በኋላ በመጣው በሽተኛ ላይ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም!»

ስለ ቪዶሳቭ ሊነግራት ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። መልሶ ዋጠው። የራስን ቁስል አሳይቶ የሌላውን ቁስል ማሳነስ ሌላ ውሸት መሰለው።

ኢስክራ ተቀመጠች፤ መዝገቡን ስባ የቀድሞውን ሰዓት በአንድ መስመር ሰረዘች፣ በላዩ አምስት ከአርባ ብላ ጻፈች፣ ጎኑ ላይ ፈረመች። በደንቡ የተሠራ ስርዝ ነበር፤ የሐዲዱም ደንብ እንዲሁ ነው። ብዕሯን ሳታስቀምጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች።

«በሰዓቱ መጥተው ቢሆን ኖሮ...»

ቶዛ ትንፋሹን ያዘ። ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ሐኪም እንዲጨርስለት ግማሽ ዕድሜውን ጠብቋል።

«...ጡንቻዎ አብዛኛው ይተርፍ ነበር» አለች።

መልስ አገኘ። ያለቅሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ዕንባው ግን አልመጣም፤ ከኋላው ዴሳንካ ቆማ ነበርና።

*

በአውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዴሳንካ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሁለት መንደር ካለፉ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ዓሣውን አምጣ ብዬህ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ።»

«አዎ።»

«ሁለት ሣህን ይዘህ መጣህ። ፈገግ አልክ።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ...»

«ለማን ነው ፈገግ ያልከው፣ ቶዛ? ያ የእኔ ባል ነበር ወይስ እንግዳ ተቀባዩ?»

ቶዛ በኪሱ ያለውን ሰዓት በጣቱ ዳሰሰ።

«ሻማው ይሁን» አለች፣ «አባትህ ነው ያስተማረህ። ሐኪሟም ወጣት ናት፣ ትረሳዋለች። እኔን ግን ምን በድዬህ ነው በሐሰት ያስመሰከርከኝ? በአንድ ሰዓት ተኩል አደረስኩት እያልኩ መንደሩን ስዞር፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ስትስቅ...»

«ዴሳንካ...»

«ተወኝ። አሁን አትንካኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ እውነት ነው። ግን የሚነጋው ሁልጊዜ በብርሃን ብቻ አይደለም፤ ሲነጋ ሌሊቱን የተሰበረው ዕቃ ሁሉም ይታያል። ቶዛ የሐኪሟን ሸክም አነሣ፤ ከአንዲት ሴት ትከሻ ያነሣውን በሌላዪቱ ላይ እንደሚያራግፈው አላሰበም ነበር። ወይም አስቦት ነበር፤ አራት ወር ዝም ያሰኘውም ይኸው ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም።

መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ደወሉ ጮኸ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ ማገጃውም በራሱ ወረደ። አውቶቡሱ ቆመ። የጡቧ ቤት መስኮቶቿ በጣውላ ተመትተዋል። ዴሳንካ ወደ ውጭ እያየች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ ትዳር ከያዙ ጀምሮ እዚህ ቦታ ላይ በቆሙ ቁጥር የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«ስንት ደቂቃ ይቀረዋል?»

ሰዓቱን አወጣ። «አራት» አላት።

በዚያ ሁሉ ዘመን እሱ የነገራትን ደቂቃ ዳግም ጠይቃው አታውቅም። አሁን ግን ዞር ብላ ፊቱን አየችው።

«እውነት አራት?»

ሰዓቱን ወደ እሷ ዘረጋላት። አላየችውም። ሁለቱም ሐዲዱን እያዩ መቁጠር ጀመሩ።